ሳልቀምስ የጠበስኩት ኮቶሌት

ጡረታ ያወጣኝ ጆሮዬ ነው። ሰው በጉልበቱ ይወጣል፣ በወገቡ ይወጣል፣ በዐይኑ ይወጣል፤ እኔን የከዳኝ ግን ጆሮዬ ሆነ። ሐኪሟ ማዳመጫ ሰክታ እዚህና እዚያ ስታስፏጭብኝ ቆይታ፣ "ወፍራሙን ድምፅ ደህና ትሰማለህ፤ ቀጭኑ ነው የጠፋው" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በቀጭኑ ድምፅ ነበር።

ሥራዬ የአሳማ ሥጋ መጥበስ ነው። አዎ፣ አሳማ። የቄስ የልጅ ልጅ የሆንኩት እኔ መኩሪያ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የጃፓን ቤት ቆሜ የአሳማ ኮቶሌት ስጠብስ ኖርኩ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ብዙ ነው። አንዱንም ግን አልቀመስኩም።

እንዴት እዚያ እንደገባሁ ላስረዳ። አዲስ አበባ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ደህና ጠጋኝ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ከሙሉ ጋር ኢንግልዉድ ስንገባ ግን ራዲዮ የሚያስጠግን ሰው በአገሩ አልነበረም፤ ሲበላሽ ይጥሉታል። መጀመሪያ ኤርፖርት ተቀጥሬ አሮጊትና ሽማግሌ በዊልቸር ስገፋ ሰነበትኩ። ከዚያ ፓርኪንግ ገባሁ። የፓርኪንጉ አለቃዬ ሰው ቁጭ ብሎ ካየ ቀኑን ሙሉ የሚያመው ሰው ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ፊቱ ሄጄ ቁጭ አልኩበትና ተለያየን። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይኸ ጠባይ ብዙ ቦታ አስወጥቶኛል። ሥራ በፈታሁ በሦስተኛው ሳምንት ሳህን አጣቢ የሚፈልግ የጃፓን ቤት አለ አሉኝ፤ ሐበሻው ከሚሰበሰብበት ከፌርፋክስ መንገድ በመኪና ሃያ ደቂቃ፣ ትራፊክ ከሌለ። ትራፊክ ደግሞ መቼ ነው የማይኖረው?

ቤቱ ትንሽ ነው። ባንኮኒው ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ከዚያ ወዲያ አራት ጠረጴዛ። የሚሸጠው በዋናነት አንድ ነገር ነው፤ ቶንካትሱ ይሉታል። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የአሳማ ሥጋ በዱቄት፣ በእንቁላልና በደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ ይጠበሳል። በስድስት ተቆርጦ፣ አጠገቡ እንደ ክምር የቆመ ጥቅል ጎመን፣ ሩዝና ሾርባ ይቀርባል። እንግዳው ትንሽ ሙቀጫ ይሰጠዋል፤ ሰሊጡን ራሱ ይወቅጥና ጥቁሩን ስጎ ያፈስበታል። ምሳ ሰዓት ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ሰሊጥ ሲወቅጥ ማየት ደስ ይላል። የባንክ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ጠበቃ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይወቅጣል።

ባለቤቱ ሚስተር ሞሪታ ናቸው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። ሲናደዱ የጸዳውን ባንኮኒ እንደገና ይወለውላሉ፤ እኛም ጨርቁን ሲያነሱ ስናይ ጥፋታችንን መፈለግ እንጀምራለን። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ኮቶሌት ራሳቸው ጠብሰው፣ ቆመው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይበላሉ። ካልጣማቸው የዘይቱን ድስት ገልብጠው ቀኑን ከዜሮ ይጀምራሉ። እንግዳው ምን እንደሚል አይጠይቁም። የተመለሰውን ሳህን ያያሉ፤ ጫፍ ላይ የተተወ ቁራጭ ካለ ይዘውት መጥተው ለጠበሰው ሰው ያሳያሉ።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ሳህን አጠብኩ። ጠባሹ ሥራ ሲለቅ ሚስተር ሞሪታ ጠሩኝ። እንግሊዝኛቸውም እንግሊዝኛዬም ስብርብር ስለነበር በደንብ ተግባባን።

"ሠራተኛው ሁሉ የሚበላውን ምሳ አንተ አትበላም። ለምን?"

"ሃይማኖቴ አይፈቅድም።"

"ሳትቀምስ ልትጠብስ ትችላለህ?"

"እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ" አልኳቸው። "አንድም ራዲዮ ቀምሼ አላውቅም።"

ከት ብለው ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ከዚያም ትከሻዬን ይዘው ጀርባዬን ለድስቱ አዞሩኝና ሥጋውን ከተቱት። "አትይ፤ ስማ" አሉ።

እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለወራት። ሥጋው ዘይት ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ወፍራም ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማለት ነው። የሚጮኸው ውሃው ነው። ውሃው እየወጣ ሲሄድ ጩኸቱ ይሳሳል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጥር፣ ጥር የሚል ነገር ብቻ ይቀራል። እሱን ከሰማህ ሁለት ትንፋሽ ጠብቀህ ታወጣለህ። አንድ ትንፋሽ ከሆነ ውስጡ ጥሬ ነው፤ ሦስት ከሆነ ደርቋል። ከዚያ ወንፊቱ ላይ አቁመህ ታሳርፈዋለህ፣ አጋድመህ አይደለም፤ ካጋደምከው ከሥሩ ይረጥባል። ሲቆረጥ ቢላው አንድ ጊዜ ወደታች ይጫናል እንጂ እንደ መጋዝ አይመላለስም። ባለሙያ ነኝ የምል እኔ፣ ጥቅል ጎመኑን ብቻ በወረቀት ስስነት ለመክተፍ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።

ቤቴ ውስጥ ግን ሌላ ጦርነት ነበር። ሙሉ ልብሴን ጋራዥ ውስጥ ሳላወልቅ በሩን አታልፈኝም። የንስሐ አባታችንን ሄጄ ስጠይቅ "አትብላ እንጂ ሥራህን ሥራ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ መጥቼ ስነግራት፣ "አባ እኮ አንተ አጠገብ አይተኙም" አለችኝ። ሳሙናዬ ለብቻ፣ ፎጣዬ ለብቻ ሆነ።

ይሉኝታው ደግሞ ነበር። ፌርፋክስ ስወጣ፣ ምግብ ቤቶቹ ደጅ ከቆመው ሰው ጋር ስጨዋወት፣ "የት ነው የምትሠራው?" ይሉኛል። "የጃፓን ቤት" እላለሁ። "ምን ትሠራላችሁ?" ሲሉኝ ዐይኔን በጨው አጥቤ "ዓሣ" እላለሁ። ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ ሜኑው ላይ ከሁሉ በታች አንድ የተጠበሰ ዓሣ አለ። እኔ ያንን አንድ መስመር ይዤ ዐሥር ዓመት ኖርኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ፌርፋክስ ላይ የባልትና ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። አገር ያውቃቸዋል፣ ያፍራቸዋል፣ ይወዳቸዋል። እኔና ሙሉ የመጣን ሰሞን ብርድ ልብስ ያለበሱን፣ ማኅበር ያስገቡን፣ ሙሉ ስትታመም ሆስፒታል ያደሩ እሳቸው ናቸው። እናቴ አገር ቤት ቀርታለች፤ እዚህ እናቴ እሳቸው ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

ጠባሽ በሆንኩ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት፣ የቤቱ መጋረጃ ተገለጠና ነጠላቸው ብቅ አለ። ሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል።

"የታለ መኩሪያ? ስንት ዓመት ዓሣ ዓሣ ስትለን አንድ ቀን ጋብዘኸን ታውቃለህ? ሶ፣ ራሳችን መጣን!"

አስተናጋጇ ሦስት የተጠበሰ ዓሣ የሚል ወረቀት አምጥታ ፊቴ ለጠፈች። ዓሣው ዓሣ ነው። ዘይቱ ግን ዘይት አይደለም። የደህና ቶንካትሱ ቤት በአሳማ ሞራ ነው የሚጠብሰው፤ ሁለቱም ድስቶቻችን ሞራ ናቸው። ከድስቱ ፊት ቆሜ አሰብኩ። ወጥቼ "እትዬ፣ ይኸ የእርስዎ ቤት አይደለም" ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር። ነገር ግን እሱን ስል ዐሥር ዓመት ያልኩት ሁሉ ባንኮኒው ላይ ሊዘረገፍ ነው። ደግሞ በጓደኞቻቸው ፊት። ዓሣውን አንስቼ ሞራው ውስጥ ከተትኩት።

በሉ። እስከ መጨረሻው በሉ። ሲወጡ እትዬ ጥሩወርቅ በባንኮኒው ላይ ተንጠራርተው እጄን ያዙና "እጅህ ይባረክ ልጄ" አሉኝ። የሰደቡኝ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል አላመመኝም።

ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ሚስተር ሞሪታ ከጓሮ፣ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ፊቴን አይተው ምን ሆነሃል አሉ። ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ጨርቁን አንስተው ባንኮኒውን ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት።

"የኔም ጥፋት አለበት" አሉ። "ዘይቱ ምን እንደሆነ ሜኑው ላይ አልጻፍኩም። ያንተ ግን ይበልጣል፤ አንተ ታውቅ ነበር። ሴትየዋ እስኪያውቁ ድረስ ድስቱን አትነካም። ነገ ጎመን ትከትፋለህ።"

ቁጣዬ ቅርብ ነው ብያለሁ። ያን ቀን ግን የሚቆጣ አፍ አልነበረኝም። ዘጠኝ ቀን ጎመን ከተፍኩ። ሦስት ጊዜ ፌርፋክስ ሄጄ፣ መኪናዬን ከሱቃቸው ፊት ለፊት አቁሜ፣ ሳልወርድ ተመለስኩ። ሙሉ ማታ ማታ "ዛሬስ ነገርካቸው?" ትለኛለች፤ ጎመን የሸተተ ልብሴን ጋራዥ አወልቃለሁ። በዐሥረኛው ቀን ገባሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ምስር እየመዘኑ ነው፤ አራት አምስት ገበያተኛ ቆሟል።

"እትዬ፣ ለብቻዎ ላናግርዎት ነበር።"

"ምን ምስጢር አለህ አንተ? እዚሁ ተናገር።"

"ያን ቀን የበላችሁት ዓሣ... የተጠበሰው በሞራ ነው።"

የምስሩን ማንኪያ አስቀመጡ። "በምን ሞራ?"

"በአሳማ።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ደግሞ እጅህ ይባረክ አልኩህ!" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "ውጣልኝ። ከሱቄ ውጣልኝ።"

ወጣሁ። እስከ ኦሊምፒክ መንገድ በእግሬ ሄጄ መኪናዬን ሱቁ ፊት ለፊት እንዳቆምኩ ትዝ አለኝ። ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወሉ። ሰላምታ የለም። "ንስሐ ገባሁ፤ ሃምሳ ስግደት ታዝዣለሁ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ። ሶ፣ ና፤ አንተ ትሰግዳለህ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ኦኬ?" አባ ይህንን መፍቀዳቸውን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ ግን ሄድኩ። ፒኮ ሮበርትሰን ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አንሶላ አንጥፈው ጠበቁኝ። ሠላሳ ላይ ስደርስ "ተሳሳትኩ" ብለው ከሃያ ጀመሩ። አርባ ላይ ደግሞ ስልክ አነሱና ሲጨርሱ "ስንት ላይ ነበርን? ሠላሳ አምስት?" አሉ። ሸሚዜ ላብ በላብ ሆኖ ስቀመጥ ውሃ አመጡልኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ" አሉ። "ከእጅህ ግን ከእንግዲህ አልበላም።"

በማግስቱ ወደ ድስቱ ተመለስኩ። ሥራዬን አገኘሁ፤ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ሚስተር ሞሪታ ነገሩን በዚህ አልተዉትም። አዲስ ድስት ገዙ፣ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር አሰሩበት፣ ንጹሕ የአትክልት ዘይት ሞሉበት። ከዚያ ወረቀትና ብዕር ሰጡኝና "በናንተ ፊደል ጻፍ፤ በር ላይ ይለጠፋል" አሉኝ። በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እዚህ ቤት አሳማ ይጠበሳል፤ ዘይቱም የአሳማ ሞራ ነው። ለማይበሉ ሌላ ድስት አለ፤ መኩሪያን ይጠይቁ።" በሳምንቱ ፌርፋክስ ላይ ያልሰማ አልነበረም። ወረቀቱን ፎቶ ለማንሳት ብቻ ድራይቭ አድርገው የመጡ አሉ። መጀመሪያ ሊስቁብኝ መጡ፤ ከዚያ እየሳቁ ተቀመጡ፤ ከዚያ ዓሣ አዘዙ።

እትዬ ጥሩወርቅም መጡ። ሊበሉ አይደለም፤ ሊመረምሩ። "ድስቱን አሳየኝ" አሉ። ሚስተር ሞሪታ ራሳቸው ኩሽና አስገቧቸው። ድስቱን አሸተቱ፣ የዘይቱን ጄሪካን ጽሑፍ በመነጽራቸው አነበቡ፣ የዳቦውን ፍርፋሪ ከረጢት አገላብጠው "ወተት አለበት፤ ለጾም አይሆንም" አሉ። ተረጎምኩ። ሚስተር ሞሪታ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እትዬም ጎንበስ አሉ። እሳቸው ደግመው ጎንበስ፣ እትዬም ደግመው። ማን ቀድሞ ያቁም? እኔ መሐላቸው ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በወሩ ወተት የሌለው ዳቦ፣ በእንቁላል ፋንታ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ተገኘ፤ እሮብና ዓርብ የዱባ፣ የደበርጃንና የእንጉዳይ ጥብስ ተጀመረ። የጃፓኑ ደንበኛ ሁሉ እሱን ማዘዝ ጀመረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሚስተር ሞሪታ ቀኑን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ዱባ ቀድመው ያዝዛሉ።

የሥራ ዘመኔ ደስታ ያ ጊዜ ነው። ሰው ልደት ያከብርበታል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ሰሊጥ ይወቀጣል፣ ወሬ ይወቀጣል። ሙሉም በመጨረሻ መጣች፤ ዱባውን በላችና ያን ዕለት በጋራዡ ሳይሆን በፊት በር አስገባችኝ። ልብሴን ግን በሩ ላይ አስወለቀችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ በወር አንዴ ሰው ይዘው ይመጣሉ። ሌላውን ሁሉ ያስበላሉ፤ እሳቸው ሩዝና ጎመን ብቻ። እሱንም "ጎመኑን ማን ከተፈው?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ከሆንኩ ሩዝ ብቻ ይበላሉ። አይቆጡም፣ ይስቃሉ፣ ይቀልዱብኛል፣ የልጅ ሰርግ ይጠሩኛል። ግን አይበሉም። ዐሥራ አንድ ዓመት። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ ይለኛል፤ እኔ የምጠብቀው ከአንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ደረቅ ሩዝ ይበላል። አልቅሼ አውቃለሁ፤ ሽንኩርት ነው እያልኩ።

ከዚያ የጆሮዬ ነገር መጣ። ሚስተር ሞሪታ አሁን ሰማንያን አልፈዋል፤ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ እንጂ አይጠብሱም። አንድ ቀን ከዚያው ሆነው "ሦስት ትንፋሽ" አሉኝ። በማግስቱም "ሦስት"። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

የመጨረሻ ቀኔ ቅዳሜ ነበር። ቤቱ ግማሹ ከፌርፋክስ፣ ግማሹ የዱሮ ደንበኛ፤ ባለቤቴ ሙሉ ባንኮኒው መሐል እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። እትዬ ጥሩወርቅ በዱላ ገቡ። ወንበር ተለቀቀላቸው። እኔም ሩዝ ላስቀምጥ ሳህን አነሳሁ።

"ዓሣ" አሉ።

"ለማን ነው እትዬ?"

"ለኔ ነዋ! ለማን ይሆናል? በአረንጓዴው ድስት። አንተ ጥበሰው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው።"

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ወይም ጆሮዬ ነው። ዓሣውን ከተትኩት። ወፍራሙን ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም። ሚስተር ሞሪታ ከጥጋቸው ተነስተው መጡና ረጅሙን የመጥበሻ እንጨት እጄ ላይ አስያዙኝ፤ ጫፉን ዓሣው ላይ አሳረፉት። ለካ ድምፁ እንጨቱ ውስጥ አለ! ጥር፣ ጥር ሲል ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሳይነግሩኝ የቆዩት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ጆሮ ነበረህ" አሉ። ሁለት ትንፋሽ ጠበቅኩና አወጣሁት።

እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡና ቆረስ አድርገው አፋቸው ከተቱ። አኘኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው እንባ ሞልቷል፤ እኔማ አልችል ብዬ ድስቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

"አንተ ክፉ" አሉ። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸ እዚህ እያለ ነው ሩዝ ያስቃምከኝ?"

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት..."

"ዝም በል። ሰኞ እመጣለሁ፤ አንድ ደግሞ ትጠብስልኛለህ።"

"ሰኞ እኔ የለሁም፤ ጡረታ ወጣሁ እኮ።"

"ሶ? ቤትህ ድስት የለም?"

ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ኢንግልዉድ የቤታችን በር ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከኋላቸው የማኅበሩ ሴቶች፣ በእጃቸው በበረዶ የታሸገ ዓሣ፣ አንድ ሙሉ ጄሪካን ዘይት። ሙሉ ሽርጤን ይዛ ከውስጥ መጣችና ራሷ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ያን ቀን ሳይቆጠር የጠበስኩት ዓሣ ስንት እንደሆነ አላውቅም። እትዬ የመጀመሪያውን ገና ሳህን ላይ ሳላስቀምጠው፣ እየፈጃቸው፣ ከእጄ ነጥቀው በሉት።